እግረ ወፍራም ፊደልና የፊደላችን እግር

ሆዳን በጅቡቲ ከተማ በባልባላ በኩል የሚገኝ ሠፈር ነው። ቃሉ በሶማሊኛ ባለጸጋ ማለት ሲሆን፣ አማርኛ ተናጋሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማው ግን ከሆድ ጋር ሳያያይዘው አይቀርም። በዚህ ሠፈር ለሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል በምናስቆጥርበት ጊዜ አንድ ነገር አጋጠመን። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም እሱው ነው።

ልጆቹ በሳምንቱ ቀናት የሚማሩት በፈረንሳይኛ ነው። የፈረንሳይኛው የንባብ ካርድ ፊደላት ከክፍሉ ጫፍ የሚታዩ፣ ወፍራምና ጥቁር፣ ከላይም ከታችም እንደ ጡብ የተቀመጠ ድፍን እግር ያላቸው ናቸው። የእኛ የአማርኛ ካርድ ከጎናቸው ሲሰቀል ቀጭንና ዓይን አፋር መስሎ ታየን። ልጆቹ የራሳቸውን ፊደል እንዳይንቁት በማለት እኛም ፊደላችንን አወፈርነው፤ በየእግሩም ሥር የፈረንሳይኛውን የመሰለ ጡብ አበጀንለት። በአንዱ ካርድ ላይ «በላ» ብለን ጻፍን። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ተነሥታ «ቢላ» ብላ አነበበች። አረምናት። እንደገና «ቢላ» አለች። ሳታስተውል የቀረች መስሎን አሥር ጊዜ ያህል «በላ» እያልን አስደገምናት፤ እርስዋም ዓይንዋን ከካርዱ ላይ አንሥታ መሬት መሬት እያየች ደገመችልን። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ በሩ ላይ ቆመን ካርዱን ብናየው ስሕተቱ የልጅቷ አልነበረም። የሰቀልነው ፊደል «ቢ» ነበር። ቢያንስ «በ» ነው ለማለት የሚያስችል ምንም ነገር አልነበረበትም።

ለመሆኑ ፈረንሳይኛውን ያጎላው ጡብ አማርኛውን ለምን አበላሸው? ለዚህ መልስ ለማግኘት እግረ ወፍራሙ ፊደል ማን ለምን ጉዳይ እንደ ሠራው፣ የእኛ ፊደል እግርስ ምን ሥራ እንዳለው መመርመር ያስፈልጋል። በሚከተለው ሐተታ በውጭ አገር የተፈጸመውን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በአገራችን የተፈጸመውን ደግሞ «ዓ.ም.» እያልን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

በመጀመሪያ የላቲኑን ፊደል እንመልከት። ሆዳን የሚለው ስም በላቲን ሲጻፍ አምስት ፊደል ይፈጃል፤ እነርሱም ኤች፣ ኦ፣ ዲ፣ ኤ እና ኤን ናቸው። ኤች ሁለት ቋሚ ምሰሶና አንድ መወርወሪያ ያለው እንደ መሰላል ቁራጭ ያለ ቅርጽ ነው። በእግረ ወፍራሙ አጻጻፍ የእያንዳንዱ ምሰሶ ጫፍ ከላይም ከታችም ጡብ ይደረግለታልና አራት ጡብ ይኖረዋል። ዲ በግራ በኩል ሁለት፣ ኤ ከታች ሁለት፣ ኤን ደግሞ እንደ ቀራጩ ፈቃድ ሦስት ያህል ይኖሩታል። ክቡ ኦ ብቻ ያለ ጡብ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ አጭር ስም ላይ አሥራ አንድ ያህል ጡቦች ተቀምጠዋል ማለት ነው። አሁን እነዚህን ጡቦች አንድ በአንድ እንንቀላቸው ብንል ስሙ ሆዳን ከመባል አይቀርም። ከአሥራ አንዱ አንዱም ድምፅ አልያዘም። ለላቲን ፊደል እግር ልብስ ነው፤ ቢለብሰውም ቢያወልቀውም ሰውየው ያው ነው።

ይህ ልብስ በመጀመሪያ የተገኘው ከድንጋይ ላይ ነው። ሮማውያን በሐውልቶቻቸው ላይ በሚቀርጹት ጽሑፍ የፊደሉ ጫፍ በቀጭን መስመር ይዘጋል፤ በ113 በሮም የተመረቀው የንጉሠ ነገሥቱ የትራያን ዓምድ ጽሑፍ የዚህ ዓይነቱ ታላቅ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ኅትመት በአውሮፓ በተስፋፋ ጊዜ የመጽሐፍ ፊደል ቀራጮች ይህን ቀጭን እግር ወረሱት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት መቶ ዓመታትና ከዚያም በላይ ጊዜ ውስጥ ፊደል የሚቀረጸው ባመዛኙ ለመጽሐፍ ነበር፤ ማለትም በእጅ ተይዞ ከሁለት ስንዝር ርቀት ለሚነበብ ነገር።

ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በለንደን ነው። ፋብሪካ ሲስፋፋ ገበያ ሰፋ፤ ገበያ ሲሰፋ ሻጮች ተበራከቱ፤ ሻጮች ሲበራከቱ ደግሞ የየራሳቸውን ዕቃ ለመንገደኛው ማስታወቅ ግድ ሆነባቸው። የሎተሪ፣ የቲያትር፣ የመርከብ ጉዞና የመድኃኒት ማስታወቂያዎች በአንድ ግድግዳ ላይ ተደራርበው ይለጠፉ ጀመር። አንባቢው ተቀምጦ የሚያነብ ተማሪ መሆኑ ቀርቶ በጭቃ መንገድ ሲሮጥ በዓይኑ ጥግ የሚያይ ሰው ሆነ። ለዚህ ሰው የመጽሐፍ ፊደል በትልቁ ቢጻፍ አይበቃውም። በመጀመሪያ የተሞከረው መፍትሔ የፊደሉን ምሰሶ ብቻ እጅግ ማወፈር ነበር። ነገር ግን ምሰሶው ሲወፍር ቀጭኑ መስመር በቀጭንነቱ ስለ ቀረ፣ ከሩቅ ሲታይ ቀጭኑ ይጠፋና ፊደሉ ግንኙነት የሌላቸው የጥቁር ግንዶች ክምር ይሆናል። ከዚህም በላይ ቀጭኑ የእርሳስ ጫፍ በማተሚያው ግፊት ቶሎ ይሰበር ነበር።

እግረ ወፍራሙ ፊደል ይህን ችግር ለማስወገድ የተገኘ ነው። ብልሃቱም ቀላል ነው፤ ቀጭን የሚባለውን ነገር ሁሉ ማጥፋት። ምሰሶውም፣ መወርወሪያውም፣ እግሩም እኩል ወይም ለእኩል የቀረበ ውፍረት ይሰጣቸዋል። ቪንሰንት ፊጊንስ የተባለው የለንደን ፊደል አቅላጭ በ1815 እና በ1817 መካከል ባወጣው የናሙና መጽሐፍ ውስጥ ይህን ዓይነት ፊደል «አንቲክ» በሚል ስም ለገበያ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ሌሎቹ አቅላጮች ተከተሉት። ሮበርት ቶርን የተባለው ተፎካካሪ በ1820 ሲሞት ፋብሪካውን ዊልያም ቶሮጉድ ገዛውና የቶርንን እግረ ወፍራም ፊደል «ኢጂፕሽያን»፣ የግብፅ ፊደል፣ ብሎ አሳተመ። ቶሮጉድ ፋብሪካውን የገዛበትን ገንዘብ ያገኘው ከሎተሪ ዕጣ ነው ይባላል። እውነት ከሆነ ሎተሪው በሁለት በኩል ባለውለታ ነው፤ የሎተሪ ማስታወቂያ ወፍራም ፊደል ፈለገ፣ የሎተሪ ዕጣ ደግሞ ወፍራም ፊደል የሚያቀልጠውን ፋብሪካ ገዛ።

«የግብፅ» መባሉ አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። በፊደሉ ውስጥ ከግብፅ የመጣ አንድም ነገር የለም። ናፖሊዮን በ1798 ወደ ግብፅ ከዘመተና በ1799 የሮዜታ ድንጋይ ከተገኘ በኋላ በአውሮፓ የቤት ዕቃው፣ ልብሱና ሕንፃው ሁሉ በግብፅ ስም ይጠራ ስለ ነበር፣ ፊደል ሻጮችም በፋሽኑ ተጠቀሙ። ዘግይተው የመጡትም ቀራጮች ልማዱን ስላልተዉት በ1929 በፍራንክፈርት ከተማ ሩዶልፍ ቮልፍ የሠራው «ሜምፊስ» ተባለ፤ ካርናክም ካይሮም የሚባሉ ተከተሉት። በአፍሪካ የተወለደውና የራሱ ፊደል ያለው ሕዝብ ይህን ስም ሲያይ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። በጅቡቲ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ የሚያነቡ መምህራን ደግሞ ሌላም ግራ መጋባት ይጠብቃቸዋል። ፊጊንስ «አንቲክ» ያለው ወፍራም እግር ያለውን ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ቲቦዶ በ1921 ፊደላትን በእግራቸው ቅርጽ ሲከፋፍል ግን «አንቲክ» ያለው ጭራሽ እግር የሌለውን ሲሆን፣ እግረ ወፍራሙን «ኤጂፕሲየን» ብሎታል። ማክሲሚልየን ቮክስ በ1954 ባወጣው ክፍፍል «ሜካን» አለው፤ የመኪና ዘመን ልጅ ነው ማለቱ ነው። ይህኛው ስም ከሁሉ የተሻለ እውነት ያለው ይመስለናል።

ግድግዳው እየሰፋ ሲሄድ እርሳሱ አልቻለም። አንድ ክንድ የሚያህል ፊደል በእርሳስ ቢፈስ ዋጋው ውድ፣ ክብደቱ ለማንሣት አስቸጋሪ ይሆናል፤ ሲቀዘቅዝም ፊቱ ይሰረጉዳል። ዳርየስ ዌልስ የተባለ የኒውዮርክ አታሚ በ1827 እንጨት በሚፈለፍል መሣሪያ የእንጨት ፊደል በብዛት መሥራት ጀመረ፤ በ1828 የናሙና መጽሐፉን አወጣ። በ1834 ዊልያም ሌቨንወርዝ አንድን ሥዕል እየተከተለ በሚፈለገው መጠን የሚቀርጽ መሣሪያ ጨመረበት። ለዚህ ሥራ እግረ ወፍራሙ ፊደል እጅግ ተስማሚ ነበር፤ እንጨት ቀጭን መስመር አይወድምና። በአሜሪካ የሰርከስ፣ የባቡርና የሐራጅ ማስታወቂያዎች በዚህ ፊደል ተሞሉ። ዛሬ በፊልም የምናየው የሽፍታ ፍለጋ ማስታወቂያ በአእምሮአችን የሚመጣው በዚህ ፊደል ተጽፎ ነው።

መምህራንን በቅርብ የሚመለከተው ግን በ1845 የወጣው «ክላረንደን» ነው። የለንደኑ ሮበርት ቤዝሊ ያሳተመው ይህ ፊደል እግሩ ወፍራም ሆኖ ከምሰሶው ጋር በመጠኑ እየተጠጋጋ የሚገናኝ፣ ከግድግዳ ይልቅ ለመጽሐፍ ገጽ የታሰበ ነበር። በመዝገበ ቃላት ውስጥ የሚፈለገው ቃል ጥቁር፣ ፍቺው ግን ነጣ ብሎ የሚታተመው ልማድ ከዚህ ዓይነቱ ፊደል ጋር ተያይዞ የተስፋፋ ነው። ቤዝሊ ፊደሉን በሕግ አስመዝግቦ ነበር፤ ነገር ግን ጥበቃው ለሦስት ዓመት ብቻ ስለ ነበር ጊዜው እንዳለቀ ሁሉም ቀዳው።

በየትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሲንጣጣ የኖረው የላቲን የጽሕፈት መኪናም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በመኪናው ላይ እያንዳንዱ ፊደል እኩል ቦታ ስለሚሰጠው፣ እንደ ክር የቀጠነው አይ የተባለው ፊደል በሰፊ ቦታ መካከል ብቻውን እንዳይቀር ከላይና ከታች ረጅም እግር ተደረገለት። ሃዋርድ ኬትለር በ1955 ለአይ ቢ ኤም የሠራው «ኩሪየር» ከሁሉ የታወቀው ነው። የላቲን እግር እዚህ ላይ ቦታ መሙያ ሆኖ አገለገለ፤ አሁንም ድምፅ አልያዘም።

አሁን ወደ እኛው እንመለስ።

የግእዝ ፊደል በጥንት ዘመን አናባቢ አልነበረውም። በ4ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዒዛና ዘመን በአክሱም ከተቀረጹት ጽሑፎች ውስጥ አናባቢ የሌላቸውም ያላቸውም ይገኛሉ። አናባቢ ባልነበረው ጊዜ «በ» የተባለው ቅርጽ ሁለት እግር ያለው ቤት ብቻ ነበር፤ ያኔ አንድ የድንጋይ ቀራጭ እግሩን እንደ ሮማውያን በመስመር ቢዘጋው ንባቡን ባላበላሸም ነበር። አናባቢው ሲመጣ ግን አበው የተጠቀሙበት ብልሃት አዲስ ፊደል መጨመር አልነበረም። የነበረውን ፊደል እግሩን፣ ወገቡንና ራሱን አሠሩት።

ይህን በ«በ» ላይ እንየው። ካዕቡ «ቡ» በቀኝ ወገቡ ላይ ትንሽ ሰረዝ ይይዛል። ሣልሱ «ቢ» ያንኑ ሰረዝ ወደ ቀኝ እግሩ ጫፍ ያወርደዋል። ራብዑ «ባ» ሰረዝ የለውም፤ ቀኝ እግሩ ከግራው ይረዝማል። ኃምሱ «ቤ» በቀኝ እግሩ ጫፍ ቀለበት ያስራል። ሳድሱ «ብ» በግራ ወገቡ ሰረዝ ያወጣል። ሳብዑ «ቦ» ደግሞ የራብዑ ተቃራኒ ነው፤ ግራ እግሩ ይረዝማል። ሁሉም ፊደል በዚህ ሥርዓት ብቻ ይሄዳል ማለታችን አይደለም፤ በተለይ ሳድሱ ሕግ የማይወድ ነው፤ «ታ» እና «ቃ» የመሳሰሉትም አንድ እግር ስላላቸው እግራቸውን ወደ ግራ ያጥፋሉ። ቢሆንም በ«በ» ቤት ከሰባቱ አራቱ፣ ማለት ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ፣ የሚለዩት በእግር ነው።

እንግዲህ ለ«በ» የላቲን ጡብ እናጥልቅለት። ጡቡ ከቀኝ እግሩ ወደ ቀኝ ወጣ ይላል። ወደ ቀኝ የወጣ ነገር በእግር ጫፍ ላይ ሲታይ አንባቢ ምን ሊል ይችላል? «ቢ» ነዋ! ልጅቷ ያለችው ይኸንኑ ነው። «ባ» ጡብ ቢያጠልቅ አጭሩ ግራ እግር በጡቡ ውፍረት ወደ ታች ስለሚገፋ የርዝመቱ ልዩነት ይጠፋል፤ በ«ባ» እና በ«ቦ» መካከልም ያለው ድንበር ይደበዝዛል። «ቤ» ቀለበቱ ሲወፍር ውስጡ ይደፈንና ነጥብ ይሆናል፤ የተደፈነ ቀለበት ደግሞ ከሰረዝ አይለይምና እሱም «ቢ» ይመስላል። የሠፈሩንም ስም ብንወስድ ያው ነው። በሆዳን መካከል ያለው «ዳ» ከ«ዶ» የሚለየው የትኛው እግር እንደ ረዘመ በማየት ነው። በላቲን አሥራ አንዱን ጡብ የተሸከመው ስም በእኛ ፊደል አንድ ጡብ እንኳ ሳይረብሸው አይሸከምም።

በላ፣ ቡላ፣ ቢላ፣ ባላ፣ ቤላ፣ ብላ። የመጀመሪያው ፊደል እግርና ወገብ ብቻ እየተለዋወጠ ስድስት ቃል ተገኘ፤ አንዱ የተፈጸመ ድርጊት፣ አንዱ የእንሰት ምግብ፣ አንዱ ስለት፣ አንዱ መንታ እንጨት፣ አንዱ የአዲስ አበባ ሠፈር፣ አንዱ ትእዛዝ። የላቲን አንባቢ እንዲህ ያለውን ልዩነት ራሱን በቻለ ፊደል ይጽፈዋል። እኛ በአንዲት ሰረዝ እንጽፈዋለን። ስለዚህ ለእኛ እግር ልብስ አይደለም፤ ምላስ ነው።

የጥንት ጸሐፍት ይህን አሳምረው ያውቁት ነበር። ጎልቶ መታየት ያለበትን ነገር ለማጉላት ፊደሉን አላወፈሩም፤ ቀለሙን ለወጡ። የእግዚአብሔርና የቅዱሳን ስም፣ የምዕራፍ መነሻ፣ የበዓል ስም በቀይ ይጻፋል። ብራናን የሚገልጥ ሰው የሚፈልገውን ቦታ በቀዩ ያገኛል፤ ፊደሉ ግን ከጥቁሩ ጋር በመጠንም በቅርጽም አንድ ነው። ትልቅ ጽሑፍ በፈለጉም ጊዜ ጉልሕ በተባለው አጣጣል ይጽፋሉ፤ ተቃራኒው ረቂቅ ይባላል። በጉልሕ ጽሑፍ የመቃው ብርዕ አፍ ስለሚሰፋ የፊደሉ እግር ይወፍራል፤ ነገር ግን በዚያው ልክ የፊደሉ ውስጥም ይሰፋል፤ አግድሙ መስመርና አናባቢውም በብርዑ ጠርዝ ስለሚወጣ ይቀጥናል። ወፍራም እግር፣ ቀጭን ምልክት። የለንደኑ ፊደል ቀጭን የተባለን ሁሉ ሲያጠፋ፣ የእኛ ጸሐፊ ድምፁን በቀጭኑ ላይ አስቀምጦት ነበር። ሁለቱ መንገዶች የማይገናኙትም በዚህ ነው።

የግእዝ ፊደል ወደ እርሳስ የገባው ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቋንቋውን ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ፤ ቋንቋውን ግን ከለዳዊ መስሎት ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን እዚያው ሮም አሳተሙ። ኢዮብ ሉዶልፍ በአባ ጎርጎርዮስ እየተረዳ ያዘጋጀው የአማርኛ ሰዋስው በ1698 በፍራንክፈርት ወጣ። «ሜምፊስ» ከሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ የተሠራባት ከተማ መሆንዋን ልብ ይሏል። እነዚህ ሁሉ የተቀረጹት የብራናውን እጅ በመከተል ለመጽሐፍ ነው። ለግድግዳ የተቀረጸ አልነበረም፤ የሚያስፈልግም አልነበረም።

ማስታወቂያ ወደ አገራችን በብዛት የገባው ከባቡሩ ጋር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በጣቢያዎቹ ላይ ፈረንሳይኛና አማርኛ ጎን ለጎን ተጻፉ። የካቶሊክ ሚሲዮን «ለ ሰመር ዴትዮፒ» የተባለውን የፈረንሳይኛ ጋዜጣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1905 በሐረር ጀምሮ በኋላ ወደ ድሬዳዋ አዛወረው። በአዲስ አበባ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በስሙ የሚጠራው ጋዜጣም በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ። ከዚህ ጀምሮ ርእስ የሚባል ነገር አለና፣ ርእስ ደግሞ ከሥሩ ካለው ጽሑፍ ጎላ ማለት አለበትና፣ ጥያቄው ማተሚያ ቤት ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ ሌላ ችግር፣ የገንዘብ ችግር ይገጥማል። የላቲን ማስታወቂያ አታሚ 26 ትልልቅ ፊደልና 10 ቁጥር ቢገዛ ሥራውን ይጀምራል። የአማርኛው አታሚ 33ቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231፣ «ቨ» ሲጨመር 238፣ ዲቃሎቹ፣ ሃያ የግእዝ ቁጥሮችና ነጥቦቹ ሲታከሉ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጋ ቅርጽ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ለአንድ መጠን ብቻ ነው፤ ፊደል ለቃሚውም ከእያንዳንዱ ብዙ ፍሬ ይፈልጋል። ስለዚህ ለጌጥ ብሎ አዲስ የውፍረት ዓይነት ማስቀረጽ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የተደረገው የመጽሐፉን ፊደል በትልቅ መጠን መጠቀም ነው፤ በጣም ትልቅ የሆነውን፣ ለምሳሌ የጋዜጣን ስም፣ ሠዓሊ በእጁ ይጽፈውና በክሊሼ ይታተማል። ድህነት አንዳንድ ጊዜ ጥሩ ጠባቂ ነው፤ ሦስት መቶ ጡብ ለማስቀረጽ ገንዘብ ስላልነበረ ፊደላችን ጡብ ሳያጠልቅ ቆየ።

በብሩሽ የሚጽፉት የማስታወቂያ ጸሐፊዎች ግን ከእርሳሱ ነፃ ስለ ሆኑ የራሳቸውን መንገድ አገኙ። በሆዳንም ሆነ በአዲስ አበባ ጥሩ እጅ ያለው ሰው ሱቅ በር ላይ ሲጽፍ ብናስተውለው፣ ምሰሶውን ያወፍርና ወደ ታች ሲደርስ እግሩን በሰያፍ ይቆርጠዋል እንጂ ወደ ጎን አያወጣውም። ጉልበት ሲያንሰው ሌላ ቀለም አንሥቶ በአንድ ወገን ጥላ ይጥልበታል። ጥላው ፊደሉን ከግድግዳው ያነሣዋል፤ እግሩን ግን አይነካም። ይህን ሰው ማንም ስለ ፊጊንስ አላስተማረውም። ቢሳሳት ባለሱቁ ገንዘብ እንደማይከፍለው ብቻ ያውቃል።

ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ነገሩ ተገላበጠ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛው እትም 345 ቅርጽ ሆኖ ተመዘገበ፤ ከዚያ ወዲህ የሦስት መቶው ፊደል ወጪ የእርሳስ መሆኑ ቀረ። ነገር ግን ማንኛውም ጸሐፊ የማወፈሪያውን ቁልፍ መጫን ቻለ። በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የተሠራጨው «ኒያላ» የተባለው ፊደል አንድ ውፍረት ብቻ ነበረው። እንዲህ ያለው ፊደል እንዲወፍር ሲታዘዝ፣ ኮምፒዩተሩ የተቀረጸ ወፍራም ስለሌለው ጠርዙን ራሱ ያወፍረዋል፤ ሰረዙም ቀለበቱም ያብጣሉ። በኋላ የወጣው የጎግል «ኖቶ» ከቀጭን እስከ ጥቁር ለየብቻ የተሣሉ ውፍረቶች አሉት። ልዩነቱን ለማወቅ ለሚፈልግ መምህር «ቤ» እና «ቢ»ን ጎን ለጎን በትልቁ አትሞ ከክፍሉ ጫፍ ማየት ይበቃዋል። ቀለበቱ ውስጥ ብርሃን ካለፈ ፊደሉ በእጅ ተሠርቷል ማለት ነው። የፈተና ወረቀት በማባዣ ሲባዛ ቀለም ስለሚፈስ ይህን አስቀድሞ ማየት ተማሪውን ከማያውቀው ስሕተት ያድነዋል። «የበላው» እና «የቢላው» በሚል ጥያቄ ነጥብ ያጣ ተማሪ ስሕተቱ የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም።

በሆዳን ካርዶቻችንን እንደገና ሠራን። ጡቡን ተውነው። በሰፊ ብሩሽ ምሰሶውን አወፍረን፣ ምልክቱን በቀጭን ብሩሽ ጻፍን፤ በካርዱም ላይ ፊደሉ የሚይዘውን ቦታ በእጥፍ አሰፋንለት። አንዳችን የብራናውን ልማድ አስታውሶ በመጀመሪያው ሰሞን ሰረዙንና ቀለበቱን በቀይ እንጻፈው አለ፤ ተስማማን። ስድስቱን ቃል በስድስት ካርድ አድርገን ለዚያችው ልጅ ስናሳያት ሳታቋርጥ አነበበችልን። እኛም ባለፈው ያረምናት በስሕተት እንደ ነበረ በጓደኞችዋ ፊት ነገርናት። ይቅርታ መጠየቃችን ብዙም አላስገረማትም። ያስቸገራት የቃሉ ትርጉም ነበር። «ቤላ» የአዲስ አበባ ሠፈር ነው ብንላት አዲስ አበባን አይታ አታውቅም። «ባላ» ምንድር ነው ስትለን ጫፉ መንታ የሆነ እንጨት ልናሳያት ወጥተን ፈለግን፤ በአካባቢው ግን ለባላ የሚሆን ዛፍ አላገኘንም። ተመልሰን በሰሌዳው ላይ ሣልንላት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ካየችው በኋላ፣ «ጋሼ፣ እሱማ ኢግሬክ ነው» አለች፤ ጠመኔውንም ተቀብላን ከሥሩ ወፍራም እግር ጨመረችለት።